በይፋት ቈላ በድንኳን አድሮ ስለሚታየውና ስለሚሰማው ነገር



ባለፈው ጥቅምት ወር አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ጽፈውልን ነበር። የ19 ዓመት ልጃቸው ከአራት ጓደኞቹ ጋራ ሆኖ፥ በእግሩ ተራራና ሸለቆ እየዞረ አገር ለማየት፥ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በሮቢ ወንዝ አጠገብ በድንኳን ሁለት ሌሊት አደረ። ከተመለሰ በኋላ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በመጀመሪያው ሌሊት ከግራር ዛፍ ላይ የሕፃን ልቅሶ ሰምቷል። ባትሪ ቢያበራም በሣሩ ውስጥ ተቈጥረው የማያልቁ አረንጓዴ ዓይኖች አይቷል። በሁለተኛው ሌሊት በተኛበት አንድ ነገር ደረቱ ላይ ተቀምጦበት እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ ተስኖታል። ሲመለሱም፥ ቍጥራቸው አምስት ሳለ፥ ስድስተኛ ሰው ከኋላ የሚከተላቸው እየመሰለው ዘወር ዘወር ሲል ውሏል። ቤቱ ከገባ በ10ኛው ቀን ደግሞ ሰውነቱ ይግል፥ ሌሊትም ይቃዥ ጀመር። ዘመዶች ተሰብስበው፥ «የቈላ ጅኒ ተከትሎት መጥቷል፤ ወደሚያስለቅቅ ሰው ውሰጂው» ብለው መከሩ። እኚህም እናት፥ «ልጄን ምን አገኘብኝ?» ብለው ጠየቁን።

መልሳችንን ደብዳቤው በደረሰን ዕለት በስልክ ነግረናቸዋል። ምን እንዳልናቸውና ነገሩም እንዴት እንደ ሆነ ወደ መጨረሻው እንገልጻለን። ነገር ግን በዚህ ዘመን ለእግር ጉዞ ተሰብስበው ወደ በረሓና ወደ ተራራ የሚወጡ ወጣቶች እየበዙ ስለ ሄዱ፥ በቤት የሚጠብቋቸውም አባቶችና እናቶች ተመሳሳይ ጥያቄ ሳይኖራቸው አይቀርም ብለን፥ የዛሬውን ጽሑፋችንን ለዚሁ ጉዳይ አድርገነዋል።

የእኛ ሥራ በፍርድ ቤት የምስክር ቃል መጻፍ ነው። በዚህ ሥራ በቈየንበት ዘመን አንድ ነገር ተምረናል። ሐሰት ከሚናገረው ምስክር ይልቅ፥ ያየውን ከገመተው ጋራ ደባልቆ የሚናገረው ምስክር ፍርድን ያስቸግራል። ምስክሩ፥ «ሌባው በመስኮት ሲወጣ አየሁት» ይላል። «ፊቱን አይተኸዋልን?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ «ጀርባውን ነው እንጂ» ይላል። «ታዲያ ሌባ መሆኑን በምን ዐወቅህ?» ቢባል፥ «ከሌባ በቀር በመስኮት ማን ይወጣል?» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ዓይኑ ያየው አንድ ጀርባ ብቻ ነው፤ ሌባ ያደረገው ግን አሳቡ ነው። ይህን ሰው ሐሰተኛ ልንለው አይገባም። ቃሉን ግን ለይተን መጻፍ ይገባናል። በበረሓ ያደረም ሰው የሚናገረውን እንዲሁ ያየውን ካየው፥ የሰማውን ከሰማው፥ የገመተውን ከገመተው ለይተን ብንጽፈው፥ ብዙው ነገር ይገለጣል።

አስቀድመን ስለ አገሩ ጥቂት እንናገር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለ ብርድና ጉም ውስጥ ይሆናል። ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ አልፎ፥ በደብረ ሲና በኩል ቍልቍል ሲወርድ፥ ጥቂት ሰዓት ሳይሞላ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ይህች ከተማ ከፍታዋ 1,300 ሜትር ግድም ነው። ካፖርት ለብሶ የተነሣ ሰው በሸሚዝ ይቀራል ማለት ነው። ከላይ ከደጋው የሚወርዱት ወንዞች ይህን ቈላ አቋርጠው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በዚሁ በይፋት ተራሮች ጫፍ ላይም፥ ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ የነበረው የይፋት ሱልጣኖች መንግሥት ከተሞች ፍርስራሽ፥ እነ አስበሪና እነ ኖራ፥ መስጊዳቸውና የድንጋይ ግንባቸው በቍጥቋጦ ውስጥ ቆሞ ይገኛል። እንዲህ ባለ አገር፥ ድካምና ሙቀት ባለበት፥ ጨረቃም በወጣች ሌሊት፥ የሰው አሳብ ብዙ ነገር ቢፈጥር አያስደንቅም።

አሁን ወደ ልጁ ቃል እንመለስ።

የመጀመሪያው ነገር የሕፃን ልቅሶ ነው። በአዋሽ ሸለቆና በግራር አገር ሌሊት ሌሊት ከዛፍ ወደ ዛፍ የምትዘል፥ ከድመት የምታንስ፥ ዓይኗ ትልልቅ የሆነ፥ ከዝንጀሮ ወገን የምትቈጠር ትንሽ አውሬ አለች። ቀን በዛፍ ፍንጭት ተደብቃ ስለምትውል የአገሩ ሰው እንኳ እምብዛም አያያትም። ድምፅዋ ግን ለማያውቀው ሰው የሕፃን ልቅሶ ይመስላል። በገደልና በድንጋይ ክምር የሚኖረው ሽኮኮም ሌሊት የሚጮኸው ጩኸት ከገላው ትንሽነት ጋራ ፈጽሞ አይመጣጠንም። የጅብ ጥሪ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። ጅቦችም ሥጋ ላይ ሲሻሙ የሚያሰሙት ድምፅ የሰው ሣቅ የሚመስል መሆኑን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። ስለዚህ ልጁ የሰማው ድምፅ እውነት ነው፤ ሕፃን ያደረገው ግን ጆሮው የሚያውቀው ድምፅ የከተማ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛው አረንጓዴ ዓይኖች ናቸው። ሌሊት የሚያድኑ አራዊት በዓይናቸው ውስጥ፥ ከብርሃን ተቀባዩ ክፍል በስተ ኋላ፥ እንደ መስተዋት ብርሃንን መልሶ የሚያበራ ስስ ሽፋን አላቸው። ባትሪ በግንባሩ አጠገብ የያዘ ሰው የራሱ ብርሃን ወደ ዓይኑ ተመልሶ ይመጣለታል። ይልቁንም በሣር ውስጥ እንደ ጤዛ ተዘርተው የሚያብረቀርቁት እጅግ ትንንሾቹ አረንጓዴ ነጥቦች ብዙ ጊዜ የሸረሪት ዓይኖች ናቸው። ቀርቦ ያየ ሰው ይህን ያረጋግጣል።

ሦስተኛው በደረት ላይ የሚቀመጠው ነገር ነው። ይህንስ አባቶቻችን ጥንት «ዱካክ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ጊዜ፥ ሕልማችንን እየተከተልን እንዳንነሣና እንዳንራገጥ፥ ሰውነታችን በተፈጥሮ ይታሰራል። አንዳንድ ጊዜ ሰውነት ሳይፈታ አሳብ ቀድሞ ይነቃል። ያን ጊዜ ሰው ዓይኑን ገልጦ ድንኳኑን እያየ መንቀሳቀስ ይሳነዋል፤ ትንፋሹም የተጫነው ይመስለዋል፤ የሕልሙም ቅሬታ በፊቱ ቆሞ ይታየዋል። ጥቂት ሴኮንድ ወይም አንድ ሁለት ደቂቃ ቈይቶ ያልፋል። ብዙ ለደከመ፥ እንቅልፍ ላጣ፥ በጀርባውም ለተኛ ሰው ይበረታል። ጫት ሲቅም ኖሮ ድንገት በተወ ሰው ላይም ዱካክ እንደሚበረታበት በይፋትም በሐረርጌም የሚታወቅ ነው። በቀን 20 ኪሎ ሜትር በሙቀት ተጕዞ፥ በድንጋይ ላይ በጀርባው የተኛ ልጅ ዱካክ ቢጫነው የሚደንቅ አይደለም።

አራተኛው ስድስተኛው መንገደኛ ነው። ይህ ነገር በዓለም ዝነኛ በሆኑ ሰዎችም ላይ ደርሷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. ኤርነስት ሻክልተን የሚባሉት የብሪታንያ ተጓዥ፥ መርከባቸው በደቡብ ዋልታ በረዶ ተደቍሳ ከጠፋች በኋላ፥ የጓደኞቻቸውን ነፍስ ለማዳን የሳውዝ ጆርጂያን ደሴት ተራሮች ከሁለት ሰዎች ጋራ 36 ሰዓት ያህል ተጕዘው አቋረጡ። በኋላ ሲናገሩ፥ ሦስት ሳሉ አራት የሆኑ ይመስላቸው እንደ ነበረ ገለጡ። ሁለቱም ጓደኞቻቸው ይህንኑ ለየብቻቸው ተናገሩ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ፥ በዚያው አቆጣጠር፥ ፍራንክ ስማይዝ የሚባል ሰው በኤቨረስት ተራራ ላይ ብቻውን ሲወጣ፥ ጓደኛ አብሮት ያለ ስለ መሰለው፥ ከያዘው ጣፋጭ ቆርሶ ሊሰጠው ዘወር ብሎ እጁን ዘረጋ፤ በዚያም ማንም አልነበረም። እነዚህ ሰዎች እብዶች አልነበሩም። ድካም፥ ረኃብና አንድ ዓይነት የሆነ ረጅም መንገድ አሳብን እንዲህ ያደርጉታል። እንዲያውም ብዙዎቹ ይህ ጓደኛ ያጽናናቸው እንደ ነበረ እንጂ ያስፈራራቸው እንደ ነበረ አልተናገሩም።

ልጁ ያልጠቀሰው፥ ነገር ግን በቈላ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ሌላም ነገር አለ። ይኸውም፥ «ቀጥ ብለን ሄድን፤ ተመልሰን ግን ያንኑ ዛፍ አገኘን፤ አገሩ አዞረን» የሚለው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በጀርመን አገር የሚገኙ ተመራማሪዎች ሰዎችን በጀርመን ጫካና በሰሐራ በረሓ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አዝዘው ጕዟቸውን በመሣሪያ ተከታተሉ። ፀሓይ ወይም ጨረቃ በታየች ጊዜ ተጓዦቹ ቀጥታቸውን ጠበቁ። በተሸፈነች ጊዜ ግን፥ ቀጥ ብለው የሚሄዱ እየመሰላቸው፥ ዞረው የራሳቸውን ዱካ አቋረጡ። እንግዲህ የሚዞረው ሰው ነው እንጂ አገሩ አይደለም።

እኛ በልጅነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ስንደግም፥ በመዝሙሩ ውስጥ «ጋኔነ ቀትር» የሚለውን ስም በፍርሃት እንጠራው ነበር። በቀትር ብቻችንን ወደ ወንዝ መውረድም ተከልክለን ነበር። ዛሬ የቈላን ፀሓይ ካወቅን በኋላ ያን ክልከላ አንንቀውም። ሙቀት የመታው ሰው ይቀባዥራል፥ ይሰናከላል፥ የሌለ ነገር ይታየዋል፤ ካልረዱትም ይሞታል። እንዲህ የሆነውን ሰው ጥላ ሥር አስገብቶ፥ ልብሱን አላልቶ፥ ገላውን በውሃ እያራሱ ማራገብና ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። በሩቅ ሜዳ ላይ ተኝቶ የሚታየው ውሃም፥ በጋለው መሬት ላይ ያለው ሞቃት አየር ብርሃንን እያጠፈ የሚያሳየው የሰማይ መልክ ነውና፥ ማንም ሰው እርሱን ተከትሎ ከመንገዱ አይውጣ።

ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ጕርምርምታም አለ። ይህ ግን ከቶ የሚናቅ አይደለም። ይፋት በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለ አገር ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷታል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ በተባለው ስፍራ የተራራው ጐን ተንሸራትቶ ብዙ ቤትና እርሻ ይዞ ወርዷል። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወርም፥ ከይፋት ቈላ በስተ ደቡብ ባለው በአፋር ምድር፥ ከዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ በኃይል ሲወጣ ታይቷል። የመንቀጥቀጡም ንዝረት እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ፥ በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ሺህ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል። ስለዚህ በዚህ አገር መሬት ሲያጕረመርም የሰማ ሰው ከገደል ሥርና ከተፈነቀለ ቋጥኝ ግርጌ መራቅ ይገባዋል።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነውን ያነበበ ሰው፥ «እንግዲህ ሁሉም ነገር ምክንያት አለው፤ የሽማግሌዎች ወሬ ከንቱ ነው» ብሎ እንዳይደመድም እንለምናለን። እኛ በወጣትነታችን እንዲህ ደምድመን ነበር፤ የደረሰብንንም ሳንሸሽግ እንነግራችኋለን።

በ1997 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከሁለት ጓደኞቻችንና ከእኅታችን ልጅ ጋራ ሆነን ወደዚሁ ቈላ ወርደን ነበር። ልጁ ያን ጊዜ የ9 ዓመት ልጅ ነበረ። ወደ ሮቢ ከሚገቡት ደረቅ ወንዞች በአንዱ፥ አሸዋው ነጭና ለስላሳ፥ ግራና ቀኙም በግራር የተሸፈነ መልካም ስፍራ አገኘን። ልጁም በአሸዋው እየተንከባለለ ይጫወት ጀመር። ድንኳናችንን ስንተክል አንድ ፍየል የሚጠብቁ ሽማግሌ ከዳሩ ላይ ቆመው ሲመለከቱን ቈዩ፤ ከዚያም ወደ እኛ ወረዱ።

«አባባ፥ እዚህ ብናድር ምን አለበት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፥ ይህ አሸዋ ባዶ አይምሰላችሁ» አሉን። «ሌሊት ውሃው ሰው ይጠራል። የተጠራም አይመለስም። ይልቅስ ከእኔ ቤት ውጡና ያለውን ቀምሰን እንደር።»

እኛም ሰማዩን አየን፤ ከዋክብት መውጣት ጀምረዋል፥ ደመና የሚባል የለም። ወንዙንም አየን፤ ለእጅ መታጠቢያ እንኳ የሚሆን ውሃ የለበትም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው ትምህርት በአሳባችን ስለ ነበረ፥ ውሃ ሰው እንደማይጠራ ለማስረዳት ሞከርን። እሳቸው አልተከራከሩንም። ልጁን ብቻ ትክ ብለው አይተው፥ «አላህ ይጠብቃችሁ» ብለውን ፍየሎቻቸውን ይዘው ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ሣቅን። ይህን ሣቅ ዛሬም ስናስበው ያሳፍረናል።

ከእኩለ ሌሊት በፊት ነቃን። ምን እንዳነቃን አላወቅንም ነበር፤ ኋላ ስናስበው ግን ያነቃን ዝምታ ነው። ሲንጫጫ ያመሸው ነፍሳት ሁሉ ፀጥ ብሏል። ከወንዙ ላይኛ በኩል፥ እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር የሚሸት ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። ከሩቅም የጭነት መኪና ጕዞ የሚመስል ድምፅ ሰማን፤ በደሴ መንገድ የሚያልፍ መኪና ነው ብለንም ልንተኛ ነበር። ያን ጊዜ ልጁ ተነሥቶ ተቀመጠና፥ «ጋሼ፥ ብዙ ሰዎች እየተነጋገሩ ይመጣሉ፤ ይጠሩናል» አለን።

ጆሯችንን ብንጥል እውነቱን ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ከሩቅ ሲሰማ፥ ቃሉ የማይለይ የብዙ ሰው ንግግር ይመስላል። በዚያው ቅጽበት ከዳሩ ላይ የፋኖስ ብርሃን ታየ፤ «ውጡ! ውጡ!» የሚልም ጩኸት ሰማን። ልጁን ታቅፈን ወደ ዳሩ ሮጥን። ከጓደኞቻችን አንዱ ለገንዘብ ቦርሳው ተመለሰ። ውሃው ደረሰ። ውሃ ብለን እንናገር እንጂ የመጀመሪያው ግንባሩ ግንድና እሾህ፥ ጭቃና ድንጋይ ነበረ። ድንኳናችንን ሲወስደው አላየነውም፤ ባለበት ስፍራ እንደሌለ ብቻ አየን። ጓደኛችን የግራር ሥር ጨብጦ ተገኘ፤ እግሩ ግን በግንድ ተመትቶ ተሰብሯል። እስከ ዛሬም ያነክሳል።

ደመናው በእኛ ላይ ሳይሆን ከኋላችን በደጋው ላይ ነበረ። በጣርማ በር አፋፍ የዘነበው ዝናብ በገደሉ ወርዶ ሰዓት ቈጥሮ ደረሰ። ሽማግሌው ከቤታቸው ደጅ ሆነው በተራራው ላይ መብረቅ ሲያዩ፥ ልጁ ትዝ ብሏቸው፥ ፋኖስ ይዘው በጨለማ መጥተዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ እኛን ግን የሣቅነው እኛው ራሳችን ነበርን ሊወስደን የደረሰው።

ሲነጋ፥ በቤታቸው ተቀምጠን ወተት ሲሰጡን፥ ስለዚያ ስለሚጠራው ነገር በአፍረት ጠየቅናቸው። እንዲህ አሉን፦ «አባቴ ወንድሙን ከዚያ አሸዋ አጥቷል። የጠራው ጅኒ ይሁን ውሃ ይሁን አልጠየቅነውም። ከልጅነታችን ጀምሮ ግን በአሸዋው ላይ ተኝተን አናውቅም።»

እንግዲህ የእኚህን ሽማግሌ ቃል እንደ ምስክር ቃል ብንጽፈው፥ ስለ ምክንያቱ የተናገሩት ግምት ነው። ስለ ስፍራው፥ ስለ ጊዜውና ስለ አደጋው የተናገሩት ግን እያንዳንዱ ቃል የጸና ነበረ። እኛ በግምቱ ስቀን ምስክርነቱን አብረን ጣልነው። የአገሬው ሰው፥ «እዚህ ቦታ ክፉ ነገር አለ» ሲል፥ ክፉው ነገር ምን እንደ ሆነ ተሳስቶ ይሆናል፤ ቦታውን ግን እምብዛም አይስትም።

ከዚህ የተነሣ ልጆቻቸውን ወደ እንዲህ ያለ ጕዞ ለሚልኩ ወላጆች ጥቂት ምክር እንሰጣለን።

በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ማንም አይደር። ከላይ ያለው ሰማይ ጥርት ቢልም እንኳ፥ ከዳሩ ከፍ ብሎ መስፈር ነው። ነፋሱ ከቀዘቀዘ፥ ነፍሳቱ ዝም ካሉ፥ የመኪና የሚመስል ድምፅ እየቀረበ ከመጣ ዕቃን ጥሎ መውጣት ያስፈልጋል።

ከቈላው ተመልሰው ወደ አንኮበር ወይም ወደ መንዝ ደጋ የሚወጡ ደግሞ ብርዱ ሲበረታባቸው የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን አያግቡ። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ አየር መልክም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ከንጹሕ አየር 200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ዊልመር የተባሉ የአሜሪካ የዓይን ሐኪም፥ በቤታቸው ውስጥ የእግር ኮቴ የሚሰሙና ጥላ የሚያዩ ቤተሰብ ታሪክ ጽፈዋል። መናፍስት ይመስሉ የነበሩት ከተበላሸ የማሞቂያ እቶን የሚወጣው ይኸው አየር ያመጣው ነገር ሆኖ ተገኘ። እቶኑ ቢጠገን ቤቱ ፀጥ አለ። በእኛም አገር ራስ ምታትና የሌለ ነገር መታየት የሚጀምራቸው፥ ካልነቁም በዚያው የሚቀሩ ብዙዎች ናቸው።

ሌሊትም ተራ በተራ ዘብ መጠበቅ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር በአንኮበር በኩል የመጣው የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክት፥ በአፋር በረሓ ሲያድር ሦስት ሰዎቹ በእንቅልፋቸው ተገድለውበታል። በእኛም ዘመን፥ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ይህ አገር ብዙ ሁከት አይቷልና፥ የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰዎችና ከሹሞች ሳይጠይቁ መውረድ ድፍረት ነው። በሌሊት ከሚፈራው ነገር ሁሉ የሚከፋው ብዙ ጊዜ በሁለት እግሩ የሚሄደው ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የምናሳስበው ስለ ትኵሳት ነው። ቈላ ወርዶ ከመጣ ሰው ጋራ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ጅኒ ሳይሆን ወባ ነው። ትንኝ ከነከሰችው ከሰባት ቀን በኋላ፥ አንዳንዴም ሳምንታት ቈይቶ፥ ሰውዬው ጕዞውን ረስቶ በደጋ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ይነሣበታል። ክፉው የወባ ዓይነት ወደ አንጐል ሲደርስ ያስቀባዥራል፥ ያንቀጠቅጣል፥ የማያውቁት ቋንቋ የሚናገር ያስመስላል። ያን ጊዜ የሚያስለቅቅ ሰው ፍለጋ የሚጠፋው አንድ ቀን የነፍስ ዋጋ ነው። ጸበል የሚወስድ ሰው ይውሰድ፥ የሚጸልይም ይጸልይ፤ እኛም እንጸልያለን። ነገር ግን ከጣቱ ጥቂት ደም ይሰጥ፤ ለሐኪሙም፥ «ቈላ ወርዶ ነበር» ብሎ መናገር አይረሳ።

ለእኚያ እናትም በስልክ ያልናቸው ይህንኑ ነው፦ «እመቤቴ፥ የሰማውንና ያየውን ለኋላ ይተዉት፤ ትኵሳቱን ዛሬውኑ ያስመርምሩ።» በማግሥቱ ደሙ ሲመረመር ወባ መሆኑ ታወቀ። መድኃኒቱንም ጨርሶ ወሰደ። በአሁኑ ጊዜ ፈጽሞ ድኖ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉልን። ልጁ ለሚመጣው ጥር ከነዚያው ጓደኞቹ ጋራ ተመልሶ ለመውረድ ይለምናቸዋል፤ «ልፍቀድለትን፥ ልከልክለው?» ይላሉ። የእኛ መልስ፥ የመንገዱ ሰላም ከተረጋገጠ ይሂድ ነው። አገሩን ያላወቀ ልጅ ሲያድግ በአገሩ ይፈራል። ነገር ግን አጐበር ይያዝ፥ ውሃ ይያዝ፥ ያየውንና የሰማውንም በየማታው በደብተሩ ይጻፍ። ድንኳኑን ከመትከሉ በፊትም የአገሩን ሽማግሌ ፈልጎ፥ «አባባ፥ የት ልደር?» ብሎ ይጠይቅ። ከቤቴ እደር ቢሉትም እንደ እኛ አይሣቅ፤ አመስግኖ ይግባ።